የአሮጌው ብስክሌት ምስክሮች

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ሰሞን ከአሜሪካ የመጡ ተሳላሚዎች በገዳማችን ሲሰነብቱ፣ ከእነርሱ አንዱ፣ ዕድሜው ወደ ኀምሳ የሚጠጋ ሰው፣ ከባልንጀሮቹ ተነጥሎ ወደ እኔ መጣ። «አባ፣ የብራና መጻሕፍትን ዘመን ይለያሉ ብለውኛል፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። መጽሐፍ ሊያሳየኝ ነው ብዬ መነጽሬን አወጣሁ። እርሱ ግን ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝ የአንድ አሮጌ የሕፃናት ብስክሌት ፎቶግራፍ ነበር።

ሣቅሁ። እርሱ ግን አልሣቀም። «ይህን ነገር በሃያ አምስት ዶላር ገዛሁት፤ ዋጋው ግን በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለኝ። እኔ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ብስክሌት የማውቀው በወጣትነቴ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ ሲያልፍ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው። በዚህች በቅድስት ከተማም፣ በውስጠኛው ከተማ ጠባብና ደረጃ በበዛበት መንገድ፣ ብስክሌት ብዙ አይረዳም። ነገር ግን ሰውየው ብስክሌቱን የመረመረበትን መንገድ ሲያስረዳኝ፣ እኛ አንድ ብራና ሲመጣልን የምንከተለው ያው መንገድ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ፣ በእርሱም ፈቃድ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እጽፋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ።

ጡንቸኛው ብስክሌት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ደቡብ የሚኖሩ ልጆች አንድ ልማድ አመጡ። ባለ 20 ኢንች ጎማ የሆነውን ትንሽ ብስክሌት ይወስዱና፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ እንደ በሬ ቀንድ የቆመ መሪ፣ እንደ ሙዝም የረዘመ ኮርቻ ያበጁለት ነበር። በሞተር ብስክሌት የሚሄዱትን ታላላቆቻቸውን መምሰላቸው ነበር። ይህን ወሬ በሎስ አንጀለስ የነበረ የሽያጭ ሰው በቺካጎ ለነበረው ለሽዊን ኩባንያ አደረሰ። ሽዊን በ1895 የተመሠረተ፣ በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነ የብስክሌት ፋብሪካ ነበር። ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ የነበረው አል ፍሪትዝ ነገሩን በቸልታ አላለፈውም፤ ልጆቹ በእጃቸው የሠሩትን አይቶ ፋብሪካው እንዲሠራው አደረገ። በ1963፣ በእኛ 1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ስቲንግ ሬይ የተባለው ብስክሌት ወጣ። ዋጋው 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ45,000 በላይ ተሸጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ሀፊ የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ፔንግዊን የሚባል ተመሳሳይ ብስክሌት አውጥቶ ነበር፤ ስሙ የጸናው ግን የሽዊን ሥራ ነው።

በዚያ ዘመን አሜሪካውያን ትልቅ ሞተር የተሸከሙ ፈጣን መኪናዎችን «ማስል ካር»፣ ጡንቸኛ መኪና፣ ይሏቸው ነበር። ብስክሌቶቹም የእነዚያን መልክ ስለያዙ «ማስል ባይክ»፣ ጡንቸኛ ብስክሌት፣ ተባሉ። ጡንቻው ግን የብረት ሳይሆን የሚነዳው ልጅ ጡንቻ ነበር።

በ1968 ሽዊን ከስቲንግ ሬይ የበለጠ የተጌጠ ወገን አወጣ፤ ክሬት ይባላል። የፊት ጎማው 16 ኢንች፣ የኋላው 20 ኢንች ነው። የፊቱን ጎማ የያዘው ሹካ በሞላ የሚንተራስ ነው፤ ከኮርቻው በስተኋላም ድንጋጤ የሚያበርዱ ደጋፊ ዘንጎች አሉት። አምስት ማርሽ ሲኖረው፣ የማርሹ ዘንግ እንደ መኪና ማርሽ በላይኛው የቴላዮ ብረት ላይ፣ በልጁ ጕልበቶች መካከል ተተክሏል። ስማቸውን ከቀለማቸው ወሰዱ፤ ብርቱካናማው ኦሬንጅ ክሬት፣ ቀዩ አፕል ክሬት፣ ቢጫው ሌመን ፒለር፣ አረንጓዴው ፒ ፒከር ተባሉ። በ1970 ነጩ ኮተን ፒከር ተጨመረ። በ1971 ደግሞ በብርማ ግራጫ ቀለም የተቀባ አንድ ወጣ፤ ግሬይ ጎስት አሉት፤ ግራጫው ምትሐት እንደ ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው የተሠራው በዚያው በአንዱ ዓመት ብቻ ነው።

የክሬት ወገን በ1973 አበቃ። በጕልበት መካከል የቆመው የማርሽ ዘንግ ልጅ ወደ ፊት በተንሸራተተ ጊዜ የሚጐዳ ነበርና፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው የደኅንነት ደንብ በዚያ ስፍራ ጕጥ ያለው ነገር እንዳይኖር ተከለከለ፤ ብርሃን የሚመልሱ መስተዋቶችም ግዴታ ሆኑ። ልጆቹም ወደ ሌላ አዘነበሉ፤ በዚያው በካሊፎርኒያ ስቲንግ ሬይን በአፈር ጕብታ ላይ እያዘለሉ መወዳደር ጀመሩ፤ ቢ ኤም ኤክስ የሚባለው ውድድር የተወለደው ከዚህ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ብስክሌቶች ዛሬ ብርቅ የሆኑት ጥቂት ስለ ተሠሩ ብቻ አይደለም። የተሠሩት ለልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ የተሰጠውን ዕቃ ጨርሶ ይጠቀምበታል። በዝናብ ያድራል፣ ይወድቃል፣ ይታጠፋል፣ ለታናሽ ይተላለፋል፣ በመጨረሻም ከቍርጥራጭ ብረት ጋር ይሄዳል። ሳይነካ የቀረው ባለቤቱ በአንድ ምክንያት ያልነዳው ብቻ ነው። ይህን ቃል ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንዴት ተገኘ?

ሰውየው የሚኖረው በቺካጎ አጠገብ ነው። ታክሲ ይነዳል፤ በትርፍ ጊዜውም የሠፈር ልጆችን ብስክሌት ይጠግናል። አንድ ቅዳሜ ጧት አንዲት አሮጊት ሴት ቤታቸውን ለቀው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ ዕቃቸውን በግቢያቸው አውጥተው ሲሸጡ ደረሰ። ከጋራዡ ጥግ፣ ከካርቶኖች በስተኋላ፣ አቧራ የለበሰ ብስክሌት ቆሟል። ጎማዎቹ ተንፍሰዋል፤ ኮርቻው ተቀዷል። አርባ ዶላር አሉት። እርሱም «ጎማው ሞቷል፣ ኮርቻውም አይረባም» ብሎ ተከራከረና በሃያ አምስት ወሰደው።

«በዚያን ጊዜ ምን እንደ ሆነ ታውቅ ነበርን?» አልሁት።

ዝም አለ። ከዚያ፣ «አላውቅም ነበር፤ ግን ጠርጥሬ ነበር፣ አባ። ትንሿን የፊት ጎማ፣ የሞላውን ሹካ ሳይ ልቤ መትቶ ነበር» አለ።

ፍርዱን ለመጨረሻው እናቈየው፤ አስቀድመን ምርመራውን እንይ።

ምስክር አንድ፤ ቍጥሩ

ብራና ሲመጣልን መጀመሪያ የምንፈልገው በመጨረሻው ገጽ ላይ ጸሓፊው ያኖረውን ቃል ነው፤ በማን ዘመን፣ በማን እጅ ተጻፈ? በብስክሌትም እንዲሁ መጀመሪያ የሚፈለገው በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ነው። በሽዊን ብስክሌቶች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቍጥሩ የሚገኘው በስተግራ፣ የኋላው ጎማ በሚታሰርበት ብረት ላይ ነው፤ ከ1970 ወዲህ ግን ወደ ፊት ተዛውሮ መሪው በሚያልፍበት አጭር ቱቦ ላይ ሆነ። ከ1965 ጀምሮ በቍጥሩ ራስ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ወሩን ይነግራል፤ ኤ ጥር፣ ቢ የካቲት፣ ሲ መጋቢት እያለ ይቀጥላል። ሁለተኛው ዓመቱን ይነግራል፤ ኤ 1965፣ ቢ 1966፣ ሲ 1967፣ ዲ 1968፣ ኢ 1969፣ ኤፍ 1970፣ ጂ 1971 ነው።

ሰውየው አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በፊተኛው ቱቦ ላይ ሲያነብ፣ የመጀመሪያው ፊደል ሲ፣ ሁለተኛው ጂ ሆኖ አገኘው፤ መጋቢት 1971 ማለት ነው። ግራጫው ምትሐት የተሠራበት ያ አንድ ዓመት ነው።

ነገር ግን መጻሕፍትን የመረመረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመጨረሻው ገጽ ቃል ብቻውን አይታመንም። አንድ ደቀ መዝሙር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መጽሐፉን ሲገለብጥ፣ የቀደመውን ጸሓፊ ቃል ከነንጉሡ ስም አብሮ የሚገለብጥበት ጊዜ አለ። ቀኑ እውነት ነው፤ የዚህ ብራና ቀን ግን አይደለም። የብስክሌቱም ቍጥር እንዲሁ ነው። ቍጥሩ ብረቱ የተቀረጸበትን ጊዜ ይናገራል እንጂ ብስክሌቱ ተገጣጥሞ ያለቀበትን ቀን አይናገርም፤ በየትኛው ቀለም እንደ ተቀባና ምን ዓይነት ሹካ እንደ ተገጠመለትም አይናገርም። በዚያው ወር ብዙ ተራ ስቲንግ ሬይ ተሠርቷል። አንድ ምስክር ለፍርድ አይበቃምና ሌሎቹን እንጥራ።

ምስክር ሁለት፤ አሠራሩ

ጸሓፊ ስሙን ሊደብቅ ይችላል፤ የእጁን ጽሕፈት ግን መደበቅ አይችልም። የሽዊን የቺካጎ ፋብሪካ እጅ የሚታወቀው በብየዳው ነው። ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ስፍራ የመጋጠሚያ ቀለበት የለም፤ የብየዳ ጠባሳም አይታይም፤ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ለስልሰው ተያይዘዋል። የጎን ማቆሚያው እግርም በቡሎን የታሰረ ሳይሆን፣ ከቴላዮው ጋር በተበየደ ቤት ውስጥ የገባ ነው። ፔዳሎቹን የሚያዞረው ዘንግም ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ብረት ነው። ሰውየው እጁን በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ሲያሳልፍ ሁሉም ለስላሳ ነበር። ይህ ምስክር ቴላዮው የቺካጎ ሥራ መሆኑን አጸና።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ኩባንያው ራሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ የክሬትን መልክ እንደገና ሠርቶ ሸጧልና ነው። ያ ማታለል አልነበረም፤ አዲስ ብለው ነው የሸጡት። ሦስተኛና አራተኛ እጅ ሲደርስ ግን አዲሱ አሮጌ ተብሎ ይሸጣል። አዲሱንና አሮጌውን የሚለየው ይህ የእጅ ሥራ ነው።

ምስክር ሦስት፤ ዕቃዎቹ

ብራና ዳግመኛ ይደጕሳል፤ የጐደለ ቅጠል በሌላ እጅ ይሞላል። ብስክሌትም ጎማው፣ ኮርቻው፣ ፔዳሉ ይለወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው መጠየቅ ይገባል። ሽዊን ከሌሎች ፋብሪካዎች ገዝቶ በሚገጥማቸው ዕቃዎች ላይ «ሽዊን አፕሩቭድ»፣ በሽዊን የተፈቀደ፣ የሚል ጽሑፍ ያስቀርጽ ነበር። ሰውየው የፊተኛውን ጎማ ሲመረምር ቸርኬው 16 ኢንች፣ ፍሬኑም በመካከሉ በከበሮ ውስጥ የተሸሸገ ሆኖ አገኘው፤ የሞላው ሹካና የማርሹ ዘንግም በስፍራቸው ናቸው። ፔዳሎቹ ግን የኋላ ዘመን ናቸው፤ የኋላውም ጎማ ክሬት ሲወጣ የነበረው ጥርስ የሌለው ልሙጥ ጎማ ሳይሆን ተራ ጎማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስደነቀኝ። «ፔዳሎቹ የኋላ ዘመን መሆናቸው አላሳዘነህም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሁሉ ነገር ከልክ በላይ ትክክል ሆኖ ቢገኝ ኖሮ የምጠራጠረው ያን ጊዜ ነበር» አለኝ። ሊቅ የሚናገረው ቃል ነው። የተጭበረበረ ነገር እንከን የለሽ ሆኖ ይቀርባል፤ እውነተኛው ግን የኖረበትን ይዞ ይመጣል።

ምስክር አራት፤ የተሸሸገው ቀለም

በሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ «ግሬይ ጎስት» የሚለው ጽሑፍ ግማሹ ተፍቆ ይታያል። ይህ ግን ደካማ ምስክር ነው፤ እንዲህ ያለ ተለጣፊ ጽሑፍ ዛሬ ለብቻው ተሠርቶ ይሸጣል። በብራና ላይ ኋላ የተጨመረ የቀይ ቀለም አርእስት እንደ ማለት ነው። ጽኑው ምስክር የተሸሸገው ነው። ብርቱካናማውን ወይም ቀዩን ክሬት ብርማ ቀለም ቀብቶ ግራጫው ምትሐት ነው ማለት ለአታላይ አይከብድም፤ ነገር ግን ቀቢ ሁሉ የማይደርስበት ስፍራ አለ። ሰውየው የኮርቻውን ማሰሪያ ዳዶ ፈትቶ ከሥሩ አየ፤ የመሪውን ዘንግ አውጥቶ በቱቦው አፍ ውስጥ አየ፤ የፔዳሉን ዘንግ አውጥቶ በቤቱ ጠርዝ አየ። በሦስቱም ስፍራ ብርማ ግራጫ እንጂ ሌላ ቀለም አልነበረም።

በዚህ አራቱ ምስክሮች ተስማሙ። በሃያ አምስት ዶላር የተገዛው ብስክሌት አንድ ዓመት ብቻ የተሠራው ግራጫው ምትሐት ሆኖ ተገኘ።

በአውሮፓ ላላችሁ

ከአውሮፓ የምትመጡ ተሳላሚዎች የዚህን ወገን ሌላ ዘመድ በጎረቤት ምድር ቤት ልታገኙ ትችላላችሁ። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የነበረው የራሌ ፋብሪካ የአሜሪካኖቹን አይቶ ቾፐር የሚባለውን ሠራ፤ በ1970 በእንግሊዝ ገበያ ወጣ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። እርሱም የፊት ጎማው 16፣ የኋላው 20 ኢንች ነው፤ ኮርቻው መደገፊያ አለው። ሁለት ዘመን አለው፤ የፊተኛውና በ1972 የወጣው ሁለተኛው። በሁለተኛው መሪው ወደ ኋላ እንዳይጋደም ከዘንጉ ጋር በብየዳ ተያዘ፤ ልጆች ወደ ኋላ ይገለበጡ ስለ ነበር ኮርቻውም ወደ ፊት ቀረበ።

ቾፐርን ለመለየት ከሁሉ የሚቀልለው ምስክር በኋላው ጎማ መካከል ነው። ባለ ሦስት ማርሹ የስተርሚ አርቸር እምብርት የተሠራበትን ዓመትና ወር በላዩ ተቀርጾ ይዟል፤ ለምሳሌ 70 እና 9 የሚሉ ቍጥሮች ካሉበት መስከረም 1970 ማለት ነው። ሆኖም ጎማ ከጎማ ይለዋወጣልና፣ ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ቾፐርም በ2004ና በ2023 ዳግመኛ ተሠርቷል።

ምስክር አምስት፤ ያልተጠበቀው

ሰውየው ብስክሌቱን በአዲስ ቀለም ቀብቶ፣ አብረቅርቆ ሊሸጥ ዐስቦ ነበር። ኮርቻውን የተሸከመውን ቱቦ ሲያጥብ ግን ከአቧራው ሥር አንዲት ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አገኘ። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ልጆች ብስክሌታቸውን በከተማው አስተዳደር ያስመዘግቡ ነበር፤ ምዝገባውን የሚያሳየው ይህ ነው። ከሥሩም በምስማር የተጫረ ሁለት የስም መጀመሪያ ፊደላት ነበሩ።

ወገኖቼ፣ በብራና ኅዳግ ላይ «ይህ መጽሐፍ የእገሌ ነው» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ አይተናል? ስንት ጊዜስ ተፍቆ፣ በላዩ የሌላ ስም ተጽፎበት አይተናል? ስሙን የሚፍቅ ሰው ሁልጊዜ ሌባ ነው አልልም፤ ነገር ግን ካለፈው ባለቤት ጋር መተያየት የማይፈልግ ሰው ነው። ሰውየውን እንቅልፍ የነሣው ቍጥሩ አልነበረም፤ እነዚያ ሁለት ፊደላት ናቸው። «አባ፣ የማን ናቸው? እኒያ ሴትዮ ያውቁ ይሆን?» አለኝ።

ከዚያ የልቡን ጥያቄ አወጣ። «በወንጌል በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው ሸሽጎ፣ ሄዶ፣ እርሻውን ገዝቶ የለምን? እኔስ ከእርሱ በምን እለያለሁ?»

«ልጄ» አልሁት፣ «ያ ምሳሌ ስለ መንግሥተ ሰማያት የተነገረ ነው እንጂ ለገበያ የተሠራ ሕግ አይደለም። አንተ ያገኘኸው ብስክሌት ነው፤ በብስክሌት ሕግ እንፍረድ።» ከዚያም እንዲህ ለየሁለት። ሻጭም ገዢም ሳያውቁ ቢገበያዩ፣ ዋጋው ጸንቷል፤ ኋላ የተገኘው በረከት የገዢው ነው። ሁለቱም ዐውቀው ቢገበያዩ፣ ያም ጸንቷል። አንዱ በብዙ ድካም ዕውቀት አግኝቶ ሌላው ሳያውቅ ቢሸጥለት፣ ለዕውቀቱ ዋጋ ይገባዋል፤ ሐኪም ስላወቀ ይከፈለው የለምን? ነገር ግን ጠርጥሮ ሳለ ዕቃውን ማናናቅ፣ «አይረባም» ብሎ አርባውን ወደ ሃያ አምስት ማውረድ፣ ይህ የዕውቀት ዋጋ አይደለም። የሌላውን አለማወቅ በአፍ ማብዛት ነው።

«ስለዚህ ምን ላድርግ?»

«ሄደህ ንገራቸው። ምን ያህል እንደምትሰጣቸው አልወስንልህም፤ ማወቅ ግን ይገባቸዋል። ሳትነግራቸው ገንዘብ ብትልክላቸው፣ አሁንም የምታውቀው አንተ ብቻ ትሆናለህ።»

ከዚያ በኋላ

ወደ አገሩ ከተመለሰ ከሁለት ወር በኋላ ደወለልኝ። ቤቱ ተሸጦ ነበር፤ ጎረቤት ጠይቆ አሮጊቷን በአረጋውያኑ መኖሪያ አገኛቸው። ፎቶግራፉን አሳይቶ፣ ምን እንደ ሆነና ዋጋው ስንት እንደሚደርስ ነገራቸው። ስለ ክርክሩም ሳይደብቅ ተናገረ። ሴትዮዋ ዝም ብለው ቈዩና፣ «አንተ በደንብ የተከራከርከኝ ልጅ ነህ፤ አስታወስኩህ» አሉት። ሁለቱን ፊደላት ሲያሳያቸው ግን ስልኩን ከእጁ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡ።

የታናሽ ወንድማቸው ስም ነበር። ጋዜጣ እያደረሰ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛው ብስክሌት ነው። አንድ በጋ ብቻ ነዳው፤ በሚቀጥለው ዓመት ታመመ፤ ከዚያ ወዲያ አልነዳውም። እናታቸው ማንም እንዳይነካው በጋራዡ አቆሙት፤ እናት ካለፉ በኋላ እርሳቸው አቆሙት። ኀምሳ ዓመት ያህል ቆሞ ኖረ። ብስክሌቱ ሳይነካ የቀረበት ምክንያት ይህ ነበር። ሰብሳቢዎች ዋጋውን ከፍ ያደረጉለት ያ አለመነዳት፣ በአንድ ቤት የኀዘን ልክ ነበር።

«ታዲያ ለምን ሸጡት?» አላቸው።

«የምሄድበት ክፍል ጠባብ ነው። ደግሞም ልጆችን ብስክሌት እጠግናለሁ ብለኸኝ ነበር፤ አንድ ልጅ ይነዳዋል ብዬ ነው» አሉት።

አስቡ፣ ወገኖቼ። እርሱ በልቡ ዋጋውን ሲያሰላ፣ እርሳቸውም የሚያውቁትን ሳይናገሩ ሰጥተውታል። ሁለቱም አንዱ ከሌላው የሰወረው ነገር ነበረ፤ የእርሳቸው ግን ስጦታ ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በክርክር ያወረደውን ዐሥራ አምስት ዶላር መጀመሪያ በእጃቸው አኖረ፤ እርሳቸውም ሣቁና ተቀበሉት። ብስክሌቱ ከተሸጠ እኩሌታውን ሊሰጣቸው ተስማሙ። እርሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለሙ እንዳይነካ።

እስከ ዛሬ አልሸጠውም። ጎማውን ብቻ ለውጦ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቶ፣ ዝገቱን በቀስታ ጠርጎ አቁሞታል። ዐልፎ ዐልፎም በመኪናው ጭኖ ወደ አረጋውያኑ ግቢ ይወስደዋል።

እንግዲህ ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? አሮጌ ነገር በእጃችሁ ሲገባ፣ ብስክሌትም ይሁን መጽሐፍ፣ መስቀልም ይሁን የቤት ዕቃ፣ ለማጠብና ለማሳመር አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቍጥሩን ጻፉ፤ ከማን፣ የት፣ መቼ እንዳገኛችሁት በወረቀት አኑሩ። አንድ ምስክር አግኝታችሁ አትፍረዱ፤ ቍጥሩ፣ አሠራሩ፣ ዕቃዎቹ፣ የተሸሸገው ቀለም ይስማሙ። የተፃፈበትን ስም አትፋቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻጩን ጠይቁት፤ በብረቱ ላይ የማይቀረጽ ምስክር በእርሱ ዘንድ ነውና። ያ ሰው ብስክሌቱን ለመለየት ሦስት ሳምንት ደከመ፤ ለምን ሳይነካ እንደ ኖረ ለማወቅ ግን አንድ ጥያቄ ይበቃው ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።